ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ውቅያኖስ

በፈረንሳይ፣ ማኮን በምትባል ከተማ፣ ዦዜፍ ዱፉር የተባለ የግድግዳ ወረቀት አምራች በ1804 እና በ1805 አንድ ትልቅ ሥራ አዘጋጀ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) 20 ቁራጭ ልጣፍ ነው፤ ጎን ለጎን ሲለጠፍ 10 ሜትር ገደማ የሚረዝም አንድ ሥዕል ይወጣዋል። ንድፉን ያወጣው ሠዓሊው ዣን ገብርኤል ሻርቬ ሲሆን፣ ቀለሙ በእንጨት ማኅተም፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ በእጅ ታትሟል። ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ገዝቶ ሳሎኑን ዙሪያውን ሲያለብሰው ቤቱ ባሕር፣ ዘንባባና ደሴት ይሆንለታል። ሥራው «የፓስፊክ ባሕር የዱር ሰዎች» የሚል ስም ተሰጠው።

ስማቸው የዱር ሰዎች ይባል እንጂ በሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች የዱር ነገር አይታይባቸውም። የታሂቲ ሴቶች የጥንት ግሪክ ቀሚስ የመሰለ ስስ ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ። ወንዶቹ ኩታቸውን እንደ ሮም የሸንጎ አባላት ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይመለከታሉ። ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ እስከ ኒውዚላንድ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚለያያቸው፣ አንዳቸው የሌላውን ስም እንኳ ሰምተው የማያውቁ ሕዝቦች በአንድ ለምለም መስክ ላይ ተሰብስበዋል። ከኋላ፣ በጣም ራቅ ብሎ፣ በጥቃቅኑ የተሣለ አንድ ግርግር አለ፤ እንግሊዛዊው ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1779 ሃዋይ ላይ ሲገደል ነው። እራት የተጋበዘ እንግዳ ወንበሩን ትቶ ወደ ግድግዳው ካልተጠጋ በቀር ሞቱን አያየውም፤ ጭፈራውን ግን ከየትም ቦታ ያየዋል።

ዱፉር ለደንበኞቹ ስለ ልጣፉ የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። እናት ሴት ልጇን ግድግዳው ፊት አቁማ ታሪክና ጂኦግራፊ ልታስተምርበት እንደምትችል ይመክራል። ይህን የነጋዴ ማባበያ ብሎ ማለፍ አይገባም። ፎቶግራፍ ገና ባልተፈለሰፈበት ዘመን፣ የሩቅ አገር ሰው መልክ በልጅ አእምሮ ውስጥ የሚቀረጸው በእንዲህ ያለ ነገር ነው። ያቺ ልጅ አድጋ ሚኒስትር ብታገባ፣ ወንድሟ የመርከብ መኮንን ቢሆን፣ ስለ ታሂቲ የሚያውቁት ነገር መነሻው ሳሎናቸው ይሆናል።

ሻርቬም ሆነ ዱፉር ፓስፊክን በዓይናቸው አላዩትም። የሠሩት መርከበኞች ካመጡት መጽሐፍና ከመጽሐፉ ሥዕሎች ተነሥተው ነው። መጽሐፉ ራሱ ደግሞ በብዙ እጅ ያለፈ ነበር። ኩክ በመጀመሪያው ጉዞው፣ በ1769 መጀመሪያ ላይ፣ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ቲዬራ ዴል ፉዌጎ ደርሶ ነበር። አብሮት የተጓዘው ወጣት ሠዓሊ አሌክሳንደር ባካን የአገሩን ሰዎች ጎጇቸው ውስጥ፣ ብርዱን ለመከላከል እሳት ከበው ተጠጋግተው እንደተቀመጡ ሣላቸው። ባካን ብዙም ሳይቆይ ታሂቲ ላይ ሞተ፤ ሥዕሉ ግን ለንደን ደረሰ። በ1773 የጉዞው ታሪክ በጆን ሆክስዎርዝ አዘጋጅነት በመጽሐፍ ሲወጣ፣ ጆቫኒ ባቲስታ ቺፕሪያኒ የተባለ በለንደን የሚኖር ጣሊያናዊ ሠዓሊ ያንኑ ሥዕል እንደ ገና ሠራው። ጎጆዋ የሚያማምሩ ዛፎች ባሉበት ገጠር መሀል ገባች፤ በብርድ የተኮራመቱት ሰዎች አካላቸው ተስተካክሎ፣ በምቾት እንደሚኖሩ የተረት እረኞች ሆኑ። የሥዕሉ ባለቤት ሞቷል፤ የተሣሉት ሰዎችም መጽሐፉን አያዩትም። ማን ይቃወማል?

እዚህ ላይ ክፋት ፈልጎ ለማግኘት መቸኮል አይበጅም። ቺፕሪያኒም ሻርቬም የተማሩት ትምህርት መልካም ሰው ማለት የግሪክ ሐውልት የመሰለ ሰው ነው የሚል ነበር፤ ስለዚህ ሊያከብሩት የፈለጉትን ሰው ግሪክ አደረጉት። ጉዳቱ ከስድብ ያልተናነሰ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው። የተሰደበ ሰው «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ብሎ ይከራከራል። በማያውቀው ቁንጅና የተሞገሰ ሰው ግን በምን አፉ ይከራከር? ንቅሳቱ ተፍቆ፣ ልብሱ ተለውጦ፣ አገሩ ከሌላው አገር ተቀላቅሎ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ «እንዴት ያምራል!» ተባለ።

የሚገርመው፣ ኩክና ባካን በተጓዙበት በዚያው መርከብ ላይ ከፓስፊክ ወገን የሆነ ሠዓሊ ነበረ። ቱፓያ ይባላል። ራያቴያ በምትባል ደሴት የተወለደ ካህንና የባሕር መንገድ ሊቅ ነው፤ በ1769 ሐምሌ ላይ ከታሂቲ ተነሥቶ ከኩክ ጋር «ኢንዴቨር» በተባለችው መርከብ ተሳፈረ። ከ70 በላይ ደሴቶች ያሉበት ካርታ እንዲሠራ አድርጓል። ኒውዚላንድ ሲደርሱ ቋንቋው ከማኦሪዎቹ ጋር የሚቀራረብ ስለ ነበር አስተርጓሚ ሆነ፤ ማኦሪዎቹም የጉዞው አለቃ እሱ እስኪመስላቸው ድረስ አከበሩት። ከሥዕሎቹ አንዱ አንድ የማኦሪ ሰውና አንድ እንግሊዛዊ ሲገበያዩ ያሳያል። ማኦሪው ትልቅ የባሕር ክሬይፊሽ ይዟል፣ እንግሊዛዊው ነጭ ጨርቅ። ሁለቱም እኩል ቁመት አላቸው። ማንም ለማንም አያጎነብስም፤ ማንም ማንንም በአድናቆት አያይም። የገበያ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ዕቃ አጥብቆ እንደ ያዘ የሌላውን ይጠብቃል።

ይህ ሥዕል ከ200 ዓመት በላይ ባለቤቱ ሳይታወቅ ቆየ። ከመርከቡ አውሮፓውያን አንዱ እንደ ሣለው ይገመት ነበር። በ1997፣ በዚያው መርከብ የተጓዘው የእጽዋት አጥኚ ጆሴፍ ባንክስ በ1812 የጻፈው ደብዳቤ ተገኝቶ፣ ሠዓሊው ቱፓያ መሆኑ ታወቀ። ቱፓያ ራሱ በ1770 መጨረሻ ገደማ ባታቪያ፣ ዛሬ ጃካርታ በምትባለው ከተማ፣ በበሽታ ሞቷል። አውሮፓ ቢደርስ ኖሮ ምን ይሥል እንደ ነበር ማሰብ ያጓጓል፤ መልሱን የምናገኝበት መንገድ ግን የለም።

ሊሳ ሬይሃና በ1964 ኦክላንድ የተወለደች የማኦሪ ሠዓሊ ናት። በ2005 የአውስትራሊያ ዋና ከተማ ካንቤራ በሚገኘው ብሔራዊ ጋለሪ የዱፉርን ልጣፍ አየችው። የራሷ ወገኖች ተሥለውበታል የተባለ ሥራ ነው፤ እሷ ግን የምታውቀውን ሰው አላገኘችበትም። ከዚያ በኋላ የተከተለው ሥራ 10 ዓመት ወሰደ። በ2015 ኦክላንድ ላይ ታየ፤ በ2017 ደግሞ ሰፋ ብሎ ኒውዚላንድን ወክሎ በቬኒስ ቢየናሌ የሥነ ጥበብ ትርዒት ቀረበ። «ቬነስን ፍለጋ» የሚለው ርዕሱ አጠገብ፣ በቅንፍ ውስጥ፣ «የተበከለ» የሚል ቃል አለ። ኩክ ታሂቲ የሄደው በ1769 ቬነስ የምትባለው ፕላኔት በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመከታተል ነበር። መርከበኞቹ ደግሞ ከአውሮፓ ይዘውት የመጡትን የአባላዘር በሽታ ደሴቶቹ ላይ ትተው ሄዱ።

ሬይሃና ልጣፉን አልቀደደችውም። የጀርባውን ገጽታ፣ ዛፎቹን፣ ባሕሩንና ተራሮቹን በኮምፒውተር እንደ ገና አዘጋጅታ ከ20 ሜትር በላይ በሚሰፋ ስክሪን ላይ ዘረጋችው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጎን እንዲሄድ አደረገችው። ሻርቬ ያቆማቸውን የወረቀት ሰዎች አውጥታ በቦታቸው ሕያዋን ሰዎችን አስገባች። የፓስፊክ ተዋንያንና ጨፋሪዎች በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ተቀርጸው በዚያ ሥዕል ውስጥ ተተከሉ። ሰዎቹ አሁን ይንቀሳቀሳሉ። ይጨፍራሉ፣ ሙታናቸውን ያለቅሳሉ፣ ይነቀሳሉ፣ ይገበያያሉ፣ ይሳሳቃሉ። ቱፓያ አለ፣ ባንክስ አለ። አንድ መርከበኛ ታስሮ ይገረፋል፤ እንግሊዞች እርስ በርስ ምን እንደሚያደርጉ ደሴተኞቹ ቆመው ያያሉ። በሌላ ቦታ ኩክ ይገደላል፤ ዱፉር ከጀርባ የሸሸገው ሞት እዚህ ፊት ለፊት መጥቷል።

ኩክን አንዴ ወንድ፣ አንዴ ሴት ተዋናይ ይጫወተዋል። ይህ ለማሾፍ የገባ አይደለም። የደሴቶቹ ሰዎች እነዚህ ሴት ያላስከተሉ፣ ተሸፋፍነው የሚሄዱ እንግዶች ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆኑ ተጠራጥረው ነበር፤ ካፒቴኑም ከሴቶቻቸው ጋር አለመተኛቱ ግራ አጋብቷቸዋል። ሬይሃና ያንን ግራ መጋባት ለተመልካቹ አስተላለፈችው። ለ200 ዓመት «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ተብሎ የሚጠየቅባቸው እነሱ ነበሩ፤ በዚህ ስክሪን ላይ ጥያቄው ዞሮ ነጩ ሰው ላይ አርፏል።

የሥራው የቬኒስ ቅጂ 64 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሲያልቅም ይደገማል። መሬቱ መሄዱን አያቆምም። ኩክ ይሞታል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደ ገና ይመጣል፣ እንደ ገና ይሞታል። ይህን ሥራ ከሚያደንቁት ወገን ነኝ፤ አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። በጣም ያምራል። ዱፉር ሊሸጥ የፈለገው ያ ለምለም ገነት፣ ያ ሰማያዊ ባሕር፣ በሬይሃና ስክሪን ላይ ከወረቀቱ ይበልጥ ያማልላል። ለአሥር ደቂቃ ቆሞ የሚሄድ ጎብኚ ግርፋቱንም ግድያውንም ሳያይ «እንዴት ያምራል!» ብሎ ሊወጣ ይችላል። ምናልባት እሷም ይህን ታውቃለች፤ ሰውን በውበት ካልሳቡት አንድ ሰዓት አይቆምም።

በውበት ያልመለሱም አሉ። የአውስትራሊያው ሠዓሊ ዳንኤል ቦይድ በ1982 ኬርንስ ውስጥ ተወለደ። በ2006፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ «እኛ ዘንድ የባሕር ወንበዴ ይባላሉ» በሚል ርዕስ አንድ ሥዕል ሠራ። መነሻው ኢማኑኤል ፊሊፕስ ፎክስ በ1902 የጨረሰው «ካፒቴን ኩክ ቦታኒ ቤይ ሲወርድ» የተባለ ሥዕል ነው። የአውስትራሊያ ስድስት ቅኝ ግዛቶች ተዋሕደው በ1901 አንድ አገር ሲሆኑ፣ አዲሷ አገር የልደት ሥዕል አስፈልጓት ነበር፤ ፎክስም ሠራላት። የሠራውም ለንደን ላይ ሆኖ ነው።

በፎክስ ሥዕል ኩክ አሸዋው ላይ ቆሟል። ከአጠገቡ ባንዲራ አለ። ወታደሮቹ ከሩቅ ቋጥኝ ላይ ባሉት ሁለት የግዊጋል (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) ሰዎች ላይ ሊተኩሱ ሲያነጣጥሩ፣ ኩክ እጁን ዘርግቶ ይከለክላቸዋል። ርኅሩኅ አለቃ ነው። ኩክ ራሱ በማስታወሻው የጻፈው ግን ሌላ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ 1770፣ ሁለቱ ሰዎች እንዳይወርድ ሲከላከሉት፣ መጀመሪያ በመካከላቸው ተኮሰ፤ አንደኛው ድንጋይ ሲወረውር በጥቃቅን እርሳስ የተሞላ ጠመንጃ ተኩሶ መታው። በሥዕሉ ላይ የሚከለክለው እጅ በታሪኩ የተኮሰው እጅ ነው። በዚያ ጊዜ ከባሕሩ ዳር ጎጆዎች 40 ያህል ጦር ተወስዷል። ከነዚያ መሀል እስከ ዛሬ የተረፉት አራቱ ከ1771 ጀምሮ የካምብሪጁ ትሪኒቲ ኮሌጅ ንብረት ሆነው ኖረው፣ በ2024 ለባለቤቶቹ ዘሮች ተመልሰዋል።

ቦይድ የፎክስን ሥዕል ከነአቀማመጡ ወስዶ ጥቂት ነገር ብቻ ለወጠ። የኩክን አንድ ዓይን በጥቁር ጨርቅ ሸፈነው፤ በባንዲራው ላይም የራስ ቅል አደረገበት። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ዓይን ተጨማሪ ጨዋታ አለው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቁ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይታይለታል። የዐድዋን ሥዕሎች ያየ ሰው ጣሊያኖቹን በዚህ ይለያቸዋል። ቦይድ ይህን ወግ አስቦ አልሠራም፤ እሱ ያሰበው የልጆች መጽሐፍ ላይ ያለውን የባሕር ወንበዴ ነው። ያም ሆኖ ከእኛ ሠዓሊዎች አንዱ ቢያየው ያለ አስተርጓሚ ይገባው ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ባንክስን ሣለው። መነሻው ቤንጃሚን ዌስት የሠራው ዝነኛ የቁም ሥዕል ነው፤ በዚያ ላይ ወጣቱ ባንክስ የማኦሪ ካባ ለብሶ፣ ከፓስፊክ ባመጣቸው ዕቃዎች ተከቦ ቆሟል። ቦይድ እዚያ ላይ አንድ ማሰሮ ጨመረ፤ በማሰሮው ውስጥ የተቆረጠ ጭንቅላት አለ፤ ፊቱም የሠዓሊው የቦይድ የራሱ ፊት ነው። ይህ ከአእምሮ የመነጨ ዘግናኝ ፈጠራ እንዳይመስለን። በሲድኒ አካባቢ ሰፋሪዎቹን ለዓመታት የተዋጋው ፔሙልዊ በ1802 ከተገደለ በኋላ፣ የቅኝ ግዛቱ ገዥ ጭንቅላቱን በአልኮል አስነክሮ ለንደን ለባንክስ ልኮለታል። የት እንደ ገባ እስከ ዛሬ አይታወቅም። የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር በ2019 ከለንደን ሲመለስ ለተከታተለ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ያንን ጸጉር ለሙዚየሙ የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱን ከአስከሬናቸው አጠገብ ሆኖ የሣላቸው የእንግሊዛዊው ሰው ቤተሰቦች ነበሩ። ሥዕሉና ገላው በአንድ ሻንጣ ይጓዙ ነበር ማለት ነው።

ከቦይድ አንድ ትውልድ የሚቀድመው ጎርደን ቤኔት ሌላ መንገድ ሞክሯል። በ1955 በኩዊንስላንድ ተወለደ፤ እናቱ ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ወገን መሆኗን ሕፃን ሳለ አያውቅም ነበር። ትምህርት ቤት የተማረው ታሪክ ነጮቹን ያገኙ፣ ጥቁሮቹን የተገኙ ያደርግ ነበር፤ ራሱን ከአግኚዎቹ ጋር ቆጥሮ አደገ። ሥነ ጥበብ ያጠናው ዘግይቶ፣ በ30ዎቹ ዕድሜው ነው። በ1991 በሁለት ሸራ ላይ አንድ የድሮ ኅትመት ወሰደ። ኅትመቱ የሳሙኤል ካልቨርት ሲሆን፣ የጆን አሌክሳንደር ጊልፊላንን ሥዕል የገለበጠ ነው፤ ኩክ በነሐሴ 1770 በሰሜን ጫፍ በምትገኝ ደሴት ላይ ምሥራቃዊውን ዳርቻ በእንግሊዝ ንጉሥ ስም ሲይዝ ያሳያል። መኮንኖች አሉ፣ ባንዲራ አለ፣ መሀል ላይ ደግሞ መጠጥ በትሪ የያዘ አንድ ጥቁር አገልጋይ።

በአንደኛው ሸራ ላይ ኩክና ጓዶቹ በነጥብና በቀለም ፍንጣቂ ውስጥ ሲደበዝዙ፣ ያ ማንም ያላስተዋለው አገልጋይ ጎልቶ ይወጣል። በሁለተኛው ላይ ግን ቤኔት አገልጋዩን ጭራሽ አጠፋው። ቆሞበት በነበረው ቦታ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ አራት ማዕዘኖች አሉ፤ የአቦሪጂን ባንዲራ ቀለሞች ናቸው። ይህ ሁለተኛው ለንደን ያለው የቴት ጋለሪና የሲድኒው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በጋራ የገዙት ነው። ለእኔ የሚበልጠው እሱ ነው። የመጀመሪያው ሰውዬውን ያከብረዋል፤ ሁለተኛው ግን እንዳናየው ይከለክለናል። ትሪ ይዞ ቆሞ 130 ዓመት ያህል ሲታይ ኖሯል፤ ከእንግዲህ ይበቃዋል።

ቤኔት የኋላ ኋላ «የአቦሪጂን ሠዓሊ» መባሉ ሰለቸው። «ጆን ሲቲዝን» በሚል የብዕር ስም፣ ማለትም ማንም ተራ ዜጋ ሊሆን በሚችል ስም፣ ሌላ ዓይነት ሥዕል ይሠራ ጀመር። እንዲህ ያለው መሰላቸት በዚህ ሥራ ውስጥ ያለውን እውነተኛ ችግር ያሳያል። የቅኝ ገዥን ሥዕል የሚመልስ ሠዓሊ መልሱን ለመስጠት ያንን ሥዕል መሸከም አለበት። ፎክስን የማያውቅ ሰው የቦይድ ቀልድ አይገባውም፤ ስለዚህ ቦይድ በተደነቀ ቁጥር ፎክስም አብሮ ይታወሳል። ሙዚየሞቹም ይህን ይወዱታል፤ አንዱን አዳራሽ ላይ፣ መልሱን ጎኑ ላይ ሰቅለው፣ ተከራከሩ ብለው በር ይከፍታሉ። ኩክ አሁንም መሀል ላይ ነው። ዱፉርን ብዙ ሰው ረስቶት ነበር፤ ዛሬ ስሙ የሚነሣው ከሬይሃና ጋር ነው።

ቦይድ ከዚያ ቀልድ ወጥቷል። ከ2010 በኋላ የሚሠራቸው ሸራዎች በሺህ በሚቆጠሩ ክብ የሙጫ ነጠብጣቦች የተሸፈኑ ናቸው፤ በነጠብጣቦቹ መካከል ያለው ቦታ በሙሉ ጠቁሮ፣ ሥዕሉ በክቦቹ ውስጥ ብቻ ይታያል። ቀረብ ያለ ሰው ነጥብ ብቻ ያያል፤ ራቅ ያለ ሰው ምስሉን ይገምታል፤ ሙሉውን ግን ማንም አያገኝም። የሚሥለውም ብዙ ጊዜ የራሱን ቤተሰብ ፎቶግራፎች ነው። ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ዛሬ ቫኑዋቱ ከምትባለው አገር፣ ከጴንጤቆስጤ ደሴት፣ ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ወደ ኩዊንስላንድ ተወስዷል፤ ከ1863 ጀምሮ በ40 ዓመት ገደማ ውስጥ ከ60,000 በላይ የደሴት ሰዎች በዚያ መንገድ ተጭነዋል፣ ብዙዎቹ ተታለው ወይም ተገደው። ያን ጭነት ሳሎኑ ላይ የለጠፈ የፈረንሳይ ሀብታም አልነበረም። ቦይድ እዚህ ላይ የሚገለብጠው ሥዕል የለውም፤ ከራሱ መጀመር አለበት።